ጅማ ላይ ምግብ ፎቶ ለማንሳት፦ ወንበሩ፣ ማዕዘኑና መለጠፊያው እንዴት ይመረጥ?

ስለ ምግብ ፎቶ ወሬ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ስልኩ ነው። ሳምሰንግ ይሻላል ወይስ አይፎን? ቴክኖ ይበቃል ወይ? ጅማ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ የበላውን ለወዳጅ ዘመድ ለሚያጋራ ሰው ግን ከስልኩ በፊት የሚመረጥ ነገር አለ፤ ወንበሩ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይቶ የተቀመጠ ሰው በርካሽ ስልክ ጥሩ ፎቶ ያወጣል። ጥግ ይዞ አምፖል ሥር የተቀመጠውን ውድ ስልኩም አያድነውም። ስለዚህ ንጽጽሬን የምጀምረው ቦታ ከመያዝ ነው።

መመዘኛዬ አንድ ነው። ፎቶውን አይቶ የመጣ ሰው ሳህኑ ሲቀርብለት «አዎ፣ ይኸው ነው» ይላል ወይ? ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያይ የመጣ እንግዳ፣ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ፣ ለቡና ንግድ የመጣ ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ስልኩ ላይ ባየው ፎቶ ነው። በእኛ ፎቶ አምኖ ብሩን ያወጣል። ሁለት አማራጭ ሲያከራክረኝ ምግቡን እንዳለ የሚያሳየውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

መስኮት፣ በረንዳ ወይስ አምፖል

ከሦስቱ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይበልጣል፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ምክንያቱ ብርሃኑ ከአንድ ጎን መምጣቱ ነው። እንጀራን አስቡ። ዓይኑ የሚታየው እያንዳንዷ ቀዳዳ በአንድ ወገን ጥላ ስትይዝ ነው። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ወይም ከአናት በቀጥታ ሲወርድበት ዓይኑ ይጠፋና የተዘረጋ ጨርቅ ይመስላል። ወጡም እንዲሁ ነው። የዶሮ ወጥ ዘይትና ቅቤ ከጎን በመጣ ብርሃን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሲያብረቀርቅ ሽንኩርቱ በደንብ መብሰሉ፣ ወጡም መወፈሩ በዓይን ይለያል።

መስኮቱ በግራ ወይም በቀኝ ትከሻችሁ በኩል ይሁን። ከጀርባችሁ ከሆነ የራሳችሁ ጥላ ትሪው ላይ ያርፋል። ፊት ለፊታችሁ ከሆነ ስልኩ ለመስኮቱ ብርሃን ይስተካከልና ምግቡን ያጨልመዋል። ከመስኮቱ ራቅ ያለው የሳህኑ ወገን ጠቆር ካለ ነጭ ወረቀት፣ የደብተር ገጽ ወይም ጀርባው ነጭ የሆነ ሜኑ በዚያ በኩል አቁሙ። ብርሃኑን ወደ ሳህኑ ይመልሰዋል፤ ልዩነቱን እዚያው ስክሪኑ ላይ ታዩታላችሁ። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ገብቶ ትሪው ላይ መስመር ከሠራ ስሱን መጋረጃ ሳቡት። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ በያይነት በኋላ በምንም አይስተካከልም።

ጅማ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ዝናቧ ረጅም ነው፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም ሰማይዋ ብዙ ጊዜ ደመና አያጣውም። «ዛሬ ዝናብ ነው፣ ፎቶ አይሆንም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ደመና ብርሃኑን በትኖ ስለሚያወርደው ጥላው ይለሰልሳል፣ የቅባቱ ነጸብራቅም ዓይን አይወጋም። የሚቀንሰው የብርሃኑ መጠን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዝናብ ቀን መስኮቱን ተጠግታችሁ ተቀመጡ፣ ከቀኑ 10 ሰዓትም አትለፉ።

በረንዳና ግቢ ብርሃን ሞልቶታል፣ ጣጣው ሸራው ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር እንጀራው ሰማያዊ ይሆናል። አረንጓዴ ፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ደግሞ ትኩስ ቁርጥ የሰነበተ ሥጋ ይመስላል። ይህን በኤዲት እናስተካክለዋለን ማለት አይሠራም፤ አረንጓዴው ጣሪያ ቀዩን ብርሃን ስላስቀረው ስልኩ መጀመሪያውኑ ቀዩን አልያዘውም። ሸራው ነጭ ከሆነ ግን ከመስኮት የማይተናነስ ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው። ባለ ቀለም ሸራ ያለበት ቤት ደግሞ የዳር ጠረጴዛ ጠይቁ፤ እዚያ የሰማዩ ብርሃን በጎን ይገባል። ዛፍ ሥር መቀመጥ ለመብላት ደስ ይላል፣ በቅጠሉ መሐል የሚወርደው ብርሃን ግን ምግቡን ዝንጉርጉር ስለሚያደርገው ለፎቶ አልመክረውም። ሰዓቱም ይወስናል። ለበረንዳ የጠዋቱ ከ2 እስከ 4፣ የከሰዓቱ ከ9 እስከ 11 ይመረጣል። የምሳ ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ያኔ ወደ መስኮቱ ግቡ።

ማታ አምፖል ብቻ ነው ያለው። ያኔ የሚያስፈልገው ብርሃኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቢጫው አምፖል 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን ገደማ ሲሆን የቀን ብርሃን ደግሞ ወደ 5,500 ይጠጋል። ሊመሽ ሲል መስኮት አጠገብ አምፖል በርቶ ካነሳችሁ የትሪው ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይወጣል፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። በዚያ ሰዓት ወይ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ወይ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ግድግዳው ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ የኤልኢዲ መብራት የተዘረጋበት ቤት ከሆነ ከዚያ ግድግዳ ራቁ። ለመፈተን ነጭ ሶፍት ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጡና ስክሪኑን እዩ። ሶፍቱ ነጭ ከመሰለ የምግቡም ቀለም ትክክል ነው።

ስለ ፍላሽ ረጅም ክርክር አያስፈልግም፤ ወጥ ላይ አታብሩት። ብርሃኑ ከካሜራው ጎን ስለሚነሳ ከቅባቱ ላይ ነጥሮ በቀጥታ ይመለስና ወጡ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። የግድ ብርሃን ካስፈለገ ጓደኛችሁ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ መብራቱን በነጭ ሶፍት ሸፍኖ፣ ከጎን ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ያብራላችሁ።

ብርሃኑ ከተገኘ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ስልክ ትዕይንቱን ሁሉ መካከለኛ ብሩህነት ላይ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ እንጀራ የሞላበትን ትሪ ስታነሱ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ እንጀራው ግራጫ፣ ወጡ ጥቁር ይሆናል። ጣታችሁን ወጡ ላይ ነክታችሁ ስክሪኑ ላይ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ሳቡ። ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ያለ ነጭ ስኒ ከሆነ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፤ ስኒው ላይ ነክታችሁ ወደ ታች ሳቡ።

ከላይ፣ ገደድ ብሎ ወይስ ከጎን

ይህን የሚወስነው የምግቡ ቅርጽ ነው።

በያይነት ከላይ ነው የሚነሳው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሽሮው ሁሉም ዝቅ ብለው ተዘርግተዋል፤ ውበታቸው በቀለማቸውና በአቀማመጣቸው ነው። ስልኩን ከትሪው ጋር ትይዩ አድርጉ፤ የካሜራውን የመስመር ፍርግርግ ከቅንብር ብታበሩት መዛባቱን ያሳያችኋል። ሞሰብ ዝቅ ስለሚል ቆም ብሎ ማንሳት ቀላል ነው። ከፍ ያለ ጠረጴዛ ከሆነ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በድምፅ ቁልፉ አንሱት፤ ወንበር ላይ መውጣት በሰው ማዕድ ላይ ነውር ነው። ትሪው አልገባ ሲላችሁ 0.5 ወደሚለው ሰፊ ሌንስ አትሂዱ፣ ክቡን ትሪ ጠርዙ ላይ ይለጥጠዋል። በተለመደው ሌንስ፣ በ1 ላይ ሆናችሁ ስልኩን ከፍ አድርጉ፤ ጠርዙ ቢቆረጥም ችግር የለውም።

ከፍታ ያለው ምግብ ከላይ ሲነሳ ይሞታል። ገንፎን፣ በኦሮሞ ቤት ማርቃ የሚባለውን፣ ውሰዱ። ቁም ነገሩ ክምሩ ነው፤ መሐሉ ተቦርቡሮ የፈሰሰበት ቅቤ፣ ከዳር ያለው በርበሬ። ከላይ ስታነሱት አንድ ክብ ውስጥ ሌላ ክብ ብቻ ይሆናል። ተመጋቢው ተቀምጦ በሚያይበት ገደድ ያለ ማዕዘን፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ አንሱት። ያኔ ቅቤው ጫፉ ላይ ሊፈስ ሲል ይታያል። በጣባ የቀረበ ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ከሥሩ ከሰል ያለበት የሸክላ ጥብስ፣ ጨጨብሳም በዚሁ ማዕዘን ይሻላሉ። የትኛውን እንደምትመርጡ ግራ ከገባችሁ ይህኛው ማዕዘን ብዙ ጊዜ አያሳፍርም።

ንብርብር ያለው ነገር ከጎን ይነሳ፤ ስልኩን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ዝቅ አድርጉት። ስፕሪስ ጁስ ከዚህ ሌላ ማዕዘን የለውም። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሐል፣ ፓፓያው ከላይ ሆኖ ከተቀዳ በመስታወቱ በኩል ካልታየ ምኑ ታየ? ቶሎ አንሱት፣ ሲቆይ ይደባለቃል። መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ ካለ መጀመሪያ በሶፍት ጥረጉት።

ቡና ግን የራሱ ሕግ አለው፣ ጅማ ላይ ደግሞ ማንም ሳያነሳው አያልፍም። ለምግብ የከለከልኳችሁን የፊት ለፊት መስኮት እዚህ እፈቅዳለሁ፤ እንፋሎት የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና ከጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ስኒውን በእናንተና በመስኮቱ መሐል አድርጉ፤ ካሜራው ግን መስኮቱን ራሱን እንዳያይ ትንሽ ገደድ አድርጉት፣ ጀርባው ጥቁር እንጨት ወይም ጥላ ያለበት ግድግዳ ይሁን። የጅማ በርጩማ ካለ ስኒውን እሱ ላይ አስቀምጡት፤ የእንጨቱ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለም ነጩን ስኒ ያወጣዋል። ከጀበናው እየተቀዳ ያለውን ቀጭን መስመር ለመያዝ ደግሞ ተከታታይ ፎቶ የሚያነሳውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙና በኋላ አንዱን ምረጡ።

ፎቶ ወይስ ቪዲዮ

የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ቪዲዮ፣ ከሌለ ፎቶ። እየተንተከተከ የሚመጣ ተጋቢኖ ሽሮ፣ ከሸክላው የሚነሳ የጥብስ ጢስ፣ ቡና ሲቆላ፣ እንጀራ ሲጠቀለል ቪዲዮ ይገባቸዋል። በያይነት ላይ ካሜራ ማዞር ግን ተመልካችን ማድከም ነው፤ አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃዋል።

ማታ ቪዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች የሚቸገሩበት ነገር አለ፤ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይሄዳሉ። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ፤ ስልኩ ለ60 ኸርዝ ከተስተካከለ አይገጣጠሙም። በብዙ ስልኮች የካሜራ ቅንብር ውስጥ የመብራት መርገብገብን የሚከላከል ምርጫ አለ፤ 50 ላይ አድርጉት። ፕሮ የሚባለው ክፍል ካለ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ላይ ቁረጡት።

የዳታ ጥቅልም ይታሰብ። አይፎን ቅንብሩ ላይ እንደሚነግራችሁ በቁጠባ ቅርጸቱ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ በ1080 ጥራትና በሰከንድ 30 ፍሬም 60 ሜጋባይት ገደማ ሲይዝ፣ ከዚያ በሚበልጠው በ4ኬ ጥራት ወደ 170 ይደርሳል። ስልክ ላይ ለሚታይ የሽሮ ቪዲዮ 1080 ከበቂ በላይ ነው።

ካሜራ፣ ፉድ ሞድ፣ ፖርትሬት

ትልቅ ካሜራ ለምግብ ቤቱ ሜኑና ማስታወቂያ የሚሠራ ባለሙያ ይያዝ። ለእኛ ስልክ ይበቃል። ፉድ ሞድ፣ ማለትም በአንዳንድ ስልኮች ካሜራ ላይ ያለው የምግብ ምርጫ፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ ዳር ዳሩን ያደበዝዛል፤ ቁርስ ላይ ያለ ቂንጬን ሊጠቅም ይችላል፣ ቀይ ወጥን ግን ከእውነቱ አብልጦ ስለሚያቀላው አጥፉት። ጀርባን የሚያደበዝዘው ፖርትሬትም የጀበናውን እጀታና እንፋሎቱን አብሮ ያደበዝዛል። ከሁሉ በፊት ሌንሱን ጥረጉ፤ በቅባት ጣት የተነካ ሌንስ ብርሃኑን ሁሉ ጭጋግ ያደርገዋል።

ኤዲት በምን?

ብርሃንና የቀለም ሙቀት (ቢጫነቱ ወይም ሰማያዊነቱ) ብቻ የሚስተካከል ከሆነ የስልኩ የራሱ ማስተካከያ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ስናፕሲድ የተባለውን የጉግል መተግበሪያ ነው የምመርጠው። በነፃ ነው፤ ደግሞ አንድን ቦታ ብቻ ነክቶ የሚያበራ መሣሪያ አለው፤ እንጀራው ሳይነካ ጠቆር ያለው ወጥ ብቻ ይበራላችኋል። ላይትሩም የተባለው ሌላ መተግበሪያ ቀለምን ለይቶ በመቆጣጠር ይበልጠዋል፣ ብዙ ፎቶ አንድ ዓይነት መልክ እንዲይዝ ለሚፈልግ ገጽ ያዋጣል፤ አንዳንድ መሣሪያዎቹ ግን በክፍያ ናቸው። በየትኛውም ብትሠሩ የቀለም ማድመቂያውን ለመጨረሻ ተዉት፣ ብትነኩትም በጥቂቱ። በርበሬ ከመጠን ሲደምቅ የፕላስቲክ ቀለም ይይዛል፣ ሰው ደግሞ ወጥ ያውቃል።

የት ይለጠፍ?

ቴሌግራም ለጅማ ሰው በጣም የቀረበው ነው። የለጠፋችሁት በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ይቀመጣል፤ ከወር በኋላም የቤቱን ስም ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አለ። ችግሩ ፎቶን ጨምቆ መላኩ ነው። ምግብ ቤቱ ፎቶውን ለሜኑ ከፈለገው በፋይል መልክ ላኩለት፣ ጥራቱ አይነካም።

ቲክቶክ የማያውቋችሁ ሰዎች ዘንድ ያደርሳችኋል፤ እዚህ ከሌሎቹ ይበልጣል። በቁም፣ በ9 ለ16 ልክ ቅረጹና ምግቡን መሐል ወይም ከፍ ብሎ አድርጉት፤ የቀኙን ዳርና የታችኛውን ክፍል ቁልፎቹና ጽሑፉ ይሸፍኑታል። አንድ በአንድ የሚገለጡ ፎቶዎችም ይቀበላል።

ኢንስታግራም እንደ አልበም ነው የማየው። ፎቶውን በ1080 ፒክስል ወርድ፣ በ4 ለ5 ልክ ብታዘጋጁት ስክሪኑን ይሞላል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የገጹ መደርደሪያ ከካሬ ወደ 3 ለ4 ስለተቀየረ በፊት በካሬ ያሰባችሁት ፎቶ ዳር ዳሩ ይቆረጣል። ፌስቡክ ደግሞ ለዘመድና ለከተማው ቡድኖች ይሁን፤ «ይህ ቤት የት ጋ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ ሰው እዚያ ይበዛል።

ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለፎቶ ቴሌግራምን፣ ለቪዲዮ ቲክቶክን እላለሁ። ዋናውን ፋይል ግን ስልካችሁ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀሩ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር፤ ፎቶው እዚያ ብቻ ያለው ሰው ደጅ ላይ ቀረ።

ከማዕዱ ሰዎች ጋር

ምግብ ከቀረበ በኋላ ትልቅ ሰው እያስጠበቁ ፎቶ ማንሳት አይገባም። ጥሩው ጊዜ ሰው እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ታጥባችሁ ከሆነ ትሪው ሲቀመጥ ሰዎቹ እስኪመለሱ ያለው ጊዜ ይበቃችኋል። «ቢስሚላህ» ወይም «በስመ አብ» ከተባለ ስልኩ ኪስ ይግባ። ያልተነካ ትሪ አልደረሳችሁበትም? እንግዲያው ጉርሻ የምትሰጥ እጅ አንሱ፤ ፊት ሳይታይ እጅ ብቻ ቢገባ ብዙ ሰው አይከፋውም፣ ቢሆንም ጠይቁ።

ቦታ ለመለወጥም መጠየቅ ቀላል ነው፦ «እህቴ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ተይዟል?» ቡና ለሚያፈሉ ትልቅ ሴት ደግሞ፦ «እትዬ፣ ሲቀዱ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?» ጎረቤት ጠረጴዛ ያለ ሰው ፍሬም ውስጥ ከገባ ማዕዘናችሁን ቀይሩ፤ ከማን ጋር ምሳ እንደበላ ማሳወቅ የእሱ ፈንታ ነው። በረመዳን ቀን ላይ የምግብ ፎቶ ከመልቀቅ ይልቅ እስከ አፍጥር ማቆየት፣ በዐቢይ ጾም የሥጋ ፎቶን ለጓደኞች ቡድን አለመላክ፣ ሁለቱም እምነት ጎን ለጎን በሚኖርባት ከተማ ውስጥ ማንንም የማይጎዳ ደግነት ነው።

ከፎቶው ሥር ምን ይጻፍ?

«ጣት ያስቆረጥማል» ብቻ ብሎ መለጠፍና መረጃ ጽፎ መለጠፍ ሲነጻጸሩ የመጀመሪያው ለአንባቢ ምንም አይሰጠውም። የምግቡን ስምና ሰፈሩን ጻፉ፤ መርካቶ በኩል ነው፣ ፈረንጅ አራዳ ነው ወይስ ቂቶ ፉርዲሳ? ሥጋ ከሆነ ቤቱ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን ግለጹ፤ ጅማ ላይ ብዙ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። የጾም ከሆነ የጾም በሉት። በነፃ ተጋብዛችሁ ወይም ተከፍሏችሁ ከሆነ ይህንንም በግልጽ ጻፉ። ዋጋውን ከነቀኑ አስፍሩ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀየራልና። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫትንና የአገልግሎት ክፍያን ይጨምር እንደሆነ ደረሰኙን አይታችሁ አክሉበት፤ ተማሪ ኪሱን ቆጥሮ ነው የሚመጣው።